የሟች መረብ አይነካም

ኤሊ ውሃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል ብትሏቸው የኛ መንደር ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። «ዓሣም ጠማው በሉና!» ይሏችኋል። የሐይቅ ልጆች ነን ባዮች፣ ከእናታቸው ሆድ ጀልባ ላይ የወደቁ፣ ኤሊ እንደነሱው አፍንጫ እንዳለው አያውቁም። ኤሊ አየር ይስባል። ለመሳብ ደግሞ ወደ ላይ ብቅ ማለት አለበት። መረብ ውስጥ ከገባ ብቅ የሚልበት የለውም፤ ይንፈራገጣል፣ ይንፈራገጣል፣ ከዚያ ያበቃለታል። ይሄን ለማወቅ ምን ጥበብ ያስፈልጋል? አንዴ አጎንብሶ ማየት ነው። እኔን አጎንብሼ እንዳይ ያደረገችኝ የወንድሜ ሚስት ላሜይ ናት፤ የማወራችሁም የሷን ነገር ነው።

እኔ ሳይሁዋ እባላለሁ። ግድቡ ላይ የሩዝ ኑድል ሾርባ የምሸጠው ሴትዮ ማለት እኔ ነኝ። ሾርባዬ ስለሚያቃጥል «በርበሬ አልቆባት ምላሷን ነው የምትነክርበት» እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ። በልተው ሲያበቁ ሌላ ሳህን የሚጠይቁትም እነሱው ናቸው።

ላሜይ የሐይቅ ልጅ አይደለችም። ሻይ ከሚለቀምበት ተራራ አገር ነው ለመካከለኛው ወንድሜ ለሹዌጌን የመጣችው። የሠርጓ ዕለት ጀልባ ላይ ስትወጣ ገና ሳንቀዝፍ አስታወከች። እናቴ አየቻትና «አይ ጉድ፣ ድመት ነው ያመጣንለት» አለች። ያቺ ድመት ታዲያ ዓመት ሳይሞላት መቅዘፍ ለመደች፤ መረብ መጣል፣ መሳብ፣ መጠገን፣ ሁሉንም ለመደች። ከወንድሜ ጋር ስንት ዘመን እዚያች ጀልባ ላይ ኖረች። ልጅ ወለደች፣ ዳረች፣ እጇ ከብርድና ከገመድ ብዛት እንደ አሮጌ ግንድ ተሰነጣጠቀ። ዓሣ መሸጥ ላይ ግን አልሆነላትም። ገዢ ሲከራከራት ዝም ብላ ትቀንሳለች፤ ስንቴ ከጎኗ ቆሜ እንደተሳደብኩላት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ በሐይቁ ማጥመድ ተከለከለ። ጀልባዎቹ ዳር ላይ ተሰብስበው በማሽን ተሰባበሩ። በአባታቸው ቀብር እንባ ጠብ ያላለላቸው ወንዶች የዚያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሹዌጌን ናንቻንግ ከተማ ሄዶ የሕንፃ ሠራተኛ ሆነ። ላሜይ አባትና እናታችንን ልትጦር እዚሁ ቀረች። ሎተስ የምንለው የውሃ አበባ መልቀሚያ የሆነች ጠባብ ታንኳ ተዉላት፤ በሷ እየሄደች የሎተስ ፍሬ ታመጣለች።

ማጥመድ ቆመ ማለት ግን መረብ ቆመ ማለት አይደለም። መረብ አዋጅ አይሰማም! የተቀደደውን ወርውረውታል፣ ማዕበል የወሰደውን ትተውታል፣ የደበቁትን ረስተውታል። ያ ሁሉ እዚያው ውሃ ውስጥ ሆኖ ማንም ሳይጠብቀው ሌት ተቀን ያጠምዳል። ላይ ላይ ያለው ደግሞ አለ፤ እሁድ እሁድ ከከተማ እየመጡ ዘንግ ይዘው የሚቀመጡት ባለ ጥላዎች። ክራቸው ሸምበቆ ሲይዝባቸው በጥሰው ይሄዳሉ። መንጠቆው እዚያው ይንጠለጠላል። ላሜይ መጀመሪያ ያገኘችው እንዲህ ያለ ክር እግሩን አስሮት ቁልቁል የተሰቀለ ነጭ ሳቢሳ ነበር። ክንፉን እንደዘረጋ ደርቋል። እሷ እሱን ስትፈታ የሎተሱን ነገር ረሳችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ታንኳዋ ላይ ሎተስ ከምትጭነው ይልቅ መረብ የምትጭነው በዛ። ማንም አላዘዛት፣ ማንም አልከፈላት። ረጅም እጀታ ያለውን ሜንጦዋን ወደ ታች ትልካለች፣ የያዘላትን ትስባለች። ዳክዬ ታወጣለች፤ ለስላሳ ጀርባ ያላቸውን፣ አፍንጫቸው እንደ ቀጭን ቱቦ የሾለ ኤሊዎቻችንን ታወጣለች። አንድ ቀን የወንዝ አሳማ የምንላትን፣ የዶልፊን ዘመድ የሆነችውን፣ ያቺን ስትስቅ የምትኖር የምትመስል እንስሳ፣ ክር አፏን ሸብቦባት አገኘች። ሞታም ትስቃለች። ላሜይ ያን ዕለት ቤቴ መጥታ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ ደሜ ፈልቶ የማደርገው ጠፍቶኝ ሽንኩርት ከተፍኩ።

መንደሩ ምን አለ? ሳቀባት። በኛ አገር ወንድን «ኤሊ» ካላችሁት ሚስትህ ትማግጥብሃለች ማለታችሁ ነው። ሥራ ፈት ሁሉ ግድቡ ላይ ተኮልኩሎ ይጠብቃታል።

«ላሜይ! ሹዌጌን ከተማ ሳለ ኤሊ አበዛሽበት እኮ!»

እሷም ገመዷን እየጠቀለለች፣ ቀና ሳትል፣ «ኤሊ ማየት የፈለገ ቤቱ ገብቶ መስታወት ይይ» ትላቸዋለች።

እሰይ! እኔ ብሆን ሜንጦውን ነበር የምወረውርባቸው።

አሁን ነው ንዴቴ የሚመጣው፤ ታገሡኝ። መንደራችን አንድ ወግ አለው። ዓሣ አጥማጅ ሲሞት መረቡን አንሸጥም፣ አናቃጥልም፣ ልጅ አይወርሰውም። የበኩር ልጁ ቀዝፎ የጨው ተራራ የምንለው አሸዋ ያለበት ጠባብ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ያደርሰዋል፣ አረቄ ያፈስበታል፣ ያሰምጠዋል። እዚያ ማዶም ሐይቅ አለ፣ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም ነው ነገሩ። ከሰመጠ በኋላ ማንም አይነካውም። የሟች መረብ ያወጣ ሰው ከሟች እጅ የሚበላበትን የምግብ እንጨት እንደቀማ ይቆጠራል፤ ሟቹም ይራብና ተመልሶ በራፍ ላይ ይቆማል ይባላል።

ወጉን አልነቅፍም። አያቶቻችን ብልሆች ነበሩ። መረባቸው ቃጫ ነበር፣ በአሳማ ደም የተነከረ። ሁለት ክረምት ሲያልፍበት ጭቃ ይሆናል። ሰውየውም መረቡም አብረው አፈር ይሆናሉ፣ አለቀ። አሁን ግን ናይለን ነው! ሰውየው ይበሰብሳል፣ መረቡ አይበሰብስም። ሰውየው ዐርፏል፣ መረቡ ይገድላል። የዘመኑ መረብ ደግሞ የባሰበት ነው፤ እባብ እንለዋለን። በአራት ማዕዘን ብረቶች ላይ የተወጠረ፣ ሲዘረጋ ከቤት አጥር የሚረዝም ሽንጣም ወጥመድ። በጎንና በጎኑ ትንንሽ በር አለው። ስትገቡ ይከፈታል፣ ልትወጡ ስትሉ ጠርዙ አንገታችሁን ይይዛል። የሞቱት ሽማግሌዎቻችን ሁሉ ይሄንኑ እባብ ይዘው ነው የሄዱት። የት ነው ያሰመጡላቸው? ባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ። ኤሊዎቹ እንቁላል ሊጥሉ አሸዋው ላይ የሚወጡበት መንገድ ላይ! ሌላ መንገድ የላቸውም። ሆን ብለን ብናስበው እንኳ እንዲህ አድርገን አናበላሸውም ነበር።

ላሜይ ሐይቁን ስታጸዳ የሙታኑን ብቻ አልነካችም። ታንኳዋን እላያቸው ላይ አቁማ፣ ሜንጦዋን ይዛ፣ ወደ ታች ስታይ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ።

«አውጪዋ!» አልኳት አንዴ።

«እማማስ?» አለችኝ። «እማማ ይሄን ከሰማች በድንጋጤ ነው የምትሞተው። አሁንም ማታ ማታ በር ሲንኳኳ ማነው ሳይሆን ‹ምን ጎደለህ› ነው የምትለው።»

እውነቷን ነው። እናቴ ሙታንን ከሕያዋን አብልጣ ነው የምትፈራው።

እንዲህ እያለን አባታችን ጃን ሹንፋ ታመመ። እባቡ ጣራ ሥር ተጠቅልሎ ይጠብቀዋል። ላሜይ ያየችው የሽማግሌውን ሞት ብቻ አልነበረም፤ አንድ መረብ ሊጨመር እንደሆነ ነው ያየችው። የብርዱን ወራት ሙሉ አልጋው ሥር ተቀምጣ፣ እየመገበችው፣ እያጠበችው፣ በመሀል በመሀሉ ቃጫ እየፈተለች መረብ ሠራች። እንዴት ያለ መረብ መሰላችሁ! የአያቶቻችን ዓይነት፣ ዓይኑ ሰፋፊ፣ በደም የተነከረ። አንድ ቀን አሳየችው፤ እኔም ነበርኩ።

«አባባ፣ ያንን እባብ ይተዉትና ይሄን ይዘው ይሂዱ» አለችው።

አባባ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። «ቃጫ? ቃጫ እኮ ሲረጥብ እንደ እርጉዝ ጎሽ ነው የሚከብደው። እዚያም ወገቤን ልታስቆርጪኝ ነው?»

«እዚያ ወገብ አያምም ይባላል።»

«ማን ሄዶ መጥቶ ነገረሽ?»

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ላሜይ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አባባ፣ ኤሊዎቹ እያለቁ ነው» አለች።

«ኤሊ ሺህ ዓመት ይኖራል፣ ልጄ።»

«መረብ ውስጥ አይኖርም።»

አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «የመረብ ነገር የበኩር ልጅ ነገር ነው። ባኦጌንን አነጋግሪው» አላት። ነገሩ እዚያው ቀረ፤ ብርዱ አልፎ የሙቀቱ ወራት ዝናብ ሲጀምር ሞተ።

ባኦጌን ታላቅ ወንድማችን ነው። ላሳጥርላችሁ፣ ዘለዓለም እሱ አውቆ እሱ ጨርሶ ነው። ግድቡ ላይ ሱቅ አለው፤ ድሮ እባብ ይሸጥ ነበር፣ አሁን ለባለ ጥላዎቹ ክርና መንጠቆ ይሸጣል። ላሜይ አነጋገረችው፤ አንድ ጊዜም አይደለም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! በቀብሩ ዕለት፣ ወደቡ ላይ፣ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ቆሞ፣ ባኦጌን የቃጫ የሐዘን ልብሱን ለብሶ እባቡን ለዚሁ ወግ ብቻ በተረፈች አሮጌ ጀልባ ላይ ሊጭን ሲል መሀል ገባችበት። የሠራችውን መረብ በሁለት እጇ ይዛለች።

«ወንድም ጋሼ፣ እባክህ። ወጉ ወጉ ነው፣ ይሰመጥ። ግን ይሄ ይሰመጥ።»

«ምራት ሆነሽ ነው የመጣሽው ወይስ የኤሊ ጠበቃ?» አላት። ሥራ ፈቶቹ ሳቁ። በቀብር ላይ! «አባቴ ዕድሜውን ባልሠራበት ዕቃ ልስደደው? ሰው ምን ይለኛል? ለአባቱ ጨርቅ ሰጠው ይበሉኝ?»

«ለራስህ ቃጫ ለብሰህ ለአባትህ ናይለን ትሰጠዋለህ?»

ባኦጌን ለብሶት የቆመውን ልብስ ቁልቁል አየው። አንድ ሁለት ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እዚያች ላይ አሸንፋ ነበር፣ ማሸነፏን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እናቴ ባትመጣ ኖሮ። እናቴ መጥታ የላሜይን ክንድ ያዘችና «ተዪው ልጄ፣ ባዶ እጁን አትስደጂብኝ። ይመጣብኛል» አለቻት። አልቅሳ ነው የለመነቻት።

ላሜይ እጇን አወረደች። ባኦጌን የቃጫውን መረብ በእግሩ ገፋ አድርጎ ጀልባው ላይ ወጣ። ርችቱ ተንጣጣ፣ አረቄው ፈሰሰ፣ እባቡ ሰመጠ፤ ጫፉ ላይ የታሰረች የላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ተንሳፍፋ ቀረች። ላሜይ የስንት ወር ሥራዋን ከጭቃ ላይ አንስታ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ሹዌጌን ወንድሜ አለቃው ስለማይጠብቀው በማግሥቱ ወደ ከተማ ተመለሰ። እሱንም ቢሆን አልማርኩትም። ሚስቱ ስትሰደብ የጫማውን ክር ሲያስር ነበር።

ሰው ከሞተ በሰባተኛው ቀን ነፍሱ ቤቷን ልታይ ትመጣለች። ለሷ ቦታዋን እናዘጋጃለን፣ ዘመዶችም ይበላሉ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ላሜይ ሱቄ መጣች። ልብሷ እርጥብ ነው። ሾርባ ቀዳሁላት፣ አልነካችውም።

«ገብተዋል» አለች።

«ማን?»

«ሁለት ኤሊዎች። ፀሐይዋ ስትመታው ታች ድረስ ይታያል። አንዷ ትልቅ ናት፣ እንቁላል ልትጥል የመጣች። በሩ ጋ ሄዳ ሄዳ ትመለሳለች። እየተንቀሳቀሰች ነው ሳይሁዋ፣ አሁንም በሕይወት አለች።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ አውጪያት!»

«እማማስ?»

ጠረጴዛውን በጡጫዬ መታሁት፤ ሳህኑ ዘለለ። «እማማን እኔ እይዛታለሁ!» አልኳት። ተነስታ ወጣች። ወደ ሐይቁ የሄደች መስሎኝ ነበር። ለካ ቤቷ ነው የገባችው። ሽንኩርት ላጠች፣ ሩዝ ዘፈዘፈች፣ እናቴን እግሯን አጠበቻት፣ አስተኛቻት። ምን ላድርግ ብላ ነው? በአንድ በኩል የእናት ፍርሃት፣ በሌላው በኩል ያቺ እንስሳ። ሰው ሁለት ቦታ አይቆም።

በማግሥቱ ሁላችንም አባባ ቤት ተሰበሰብን። እኔ ማጀት ነኝ። ላሜይ የለችም። «ምራቷ የታለች?» ይላል አንዱ፤ «ኤሊዎቿ ጋ ናታ!» ይላል ሌላው። ባኦጌን ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የአባባ ባዶ ወንበር፣ ሳህኑ፣ የምግብ እንጨቱ፣ የአረቄ ስኒው። የአባባ የዕድሜ እኩያ አጎት ሬንሼንግ አሉ፤ እሳቸውም ጣራ ሥር የተጠቀለለ እባብ አላቸው። እናቴ ጥጓ ላይ ናት። ቀትር ላይ ምግቡ ቀረበ፤ ገና እንጨቱን ሳናነሳ በሩ ተበረገደ።

ላሜይ ናት። እስከ ወገቧ ጭቃ ለብሳለች። በትከሻዋ መሸከሚያ እንጨት ላይ የተጠቀለለው እባብ ነው፤ ጫፉ ከኋላዋ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ግቢው ድረስ ይደርሳል። ውሃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ሽታው ቀድሟት ገባ። መጥታ፣ የአባባን ሳህን በክንዷ ገፋ አድርጋ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

«አባባ ዛሬ ቤታቸው ይመጣሉ ብላችኋል አይደል?» አለች። ድምፅዋ አይጮህም፤ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። «ይኸው ያጠመዱትን አመጣሁላቸው። ብሉ።»

ዓሣዎች ነበሩ፣ የላሸቁ። ክንፏ በመረቡ ዓይን ተሰክቶ የቀረ ዳክዬ ነበረች። የውሃ እባብ ነበረ። ትልቋ ኤሊ አንገቷን ወደ በሩ አስረዝማ፣ አፍንጫዋን እንዳሾለች፣ ሞታለች።

«ትናንት ትንቀሳቀስ ነበር» አለች ላሜይ። «ትናንት በሕይወት ነበረች። የሟች መረብ አይነካም ብዬ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።»

ባኦጌን ተስፈንጥሮ ተነሳ። «አንቺ ርጉም! ከአባቴ እጅ ነጠቅሽው! ዛሬ ማታ ተርቦ ሲመጣ ምን እንበለው?»

«ይሄን ሁሉ ይዘው ይራቡ? በሕይወታቸው በአንድ ሳምንት ይሄን ያህል መቼ ያዙ? ያውም ተኝተው! ና ብላ እንጂ፣ የበኩር ልጅ አይደለህ?» የምግብ እንጨቱን አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ከዳክዬዋ ትጀምራለህ ከኤሊዋ?»

እንጨቱን ወረወረው። «አሁኑኑ ይመለሳል! አሁኑኑ ቦታው ይመለሳል!» እያለ መረቡን እቅፍ አድርጎ ሊያነሳ ተጠመጠመበት። ሲያፍሰው ቀኝ እጁ በአንደኛው በር እስከ ክርኑ ገባ። ከዚያ የሰማሁትን ጩኸት የአሳማ ገበያም ሰምቼ አላውቅ።

ሁለተኛዋ ኤሊ አልሞተችም ነበር። የላስቲክ ጠርሙሷ ብቅ ያደረገችው ጫፍ ላይ አፍንጫዋን አውጥታ ስትተነፍስ ሰንብታለች። አሁን የባኦጌንን አመልካች ጣት ይዛለች። እጁን ሊስብ ሲል የበሩ ጠርዝ ክርኑን አነቀው፤ በጎተተ ቁጥር ይጠብቃል፣ በጠበቀ ቁጥር ኤሊዋ ትነክሳለች። ሚስቱ ወገቡን ይዛ ጎተተችው፤ ባሰበት።

«ሰማይ እስኪያጉረመርም አትለቅም» አሉ አጎት ሬንሼንግ፣ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው። «ዛሬ ደግሞ ደመና የሚባል የለም።»

«ቁረጡት!» ጮኸ ባኦጌን። «ኧረ ቁረጡልኝ!»

ላሜይ ወደኔ ዞራ «ሳይሁዋ፣ መቀስ» አለችኝ። የዓሣ መቀሴን ሰጠኋት። ይዛው ፊቱ ቆመች።

«ምኑን ልቁረጥ?»

«መረቡን! መረቡን ነዋ!»

«የማንን መረብ?»

ባኦጌን ቀና ብሎ አያት። ላቡ አገጩ ላይ ይወርዳል። ኤሊዋ እንደገና ጥርቅም አደረገችው።

«የአባቴን!» አለ። «የአባቴን መረብ ቁረጪ!»

ሁላችንም ወደ እናቴ ዞርን። ላሜይም መቀሱን ከፍታ፣ አልቆረጠችም፤ እሷን ነው የምትጠብቀው። እናቴ ከጥጓ ተነስታ መጣች። ባኦጌንን አላየችውም። የሞተችውን ኤሊ ነው ያየችው። እጇን በመረቡ ላይ አድርጋ ሆዷን ዳሰሰቻት፣ ጫን ጫን እያደረገች፣ አዋላጅ እንደምታደርገው። አምስት የወለደች ሴት ናት፣ ሁለት የቀበረች። እጇ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ሞልታለች» አለች። ከዚያ ወደ ባዶው ወንበር ዞረች። «ሰውዬው ሞቷል እኮ። ሞቶም ይሄን ያሠሩታል?»

እናቴ የመረቡን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ወጠረችው፣ ላሜይ ቆረጠች። የባኦጌን እጅ ኤሊዋን እንዳንጠለጠለ ወጣ። ጣቱን ውሃ ውስጥ ካልነከረ እንደማትለቀው የሐይቅ ልጅ ነውና ያውቃል፤ በሐዘን ልብሱ ግቢውን አቋርጦ፣ ግድቡን ወጥቶ፣ ሥራ ፈቶቹ ፊት አልፎ ወደ ሐይቁ ሮጠ። የሳቃቸው ድምፅ ቤት ድረስ ተሰማ። እኔም ስቄያለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ላሜይ ግን አልሳቀችም። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን በልብሷ ጠረገች። እናቴ መረቡን አልለቀቀችም። ክሩን እየሳበች ወደ ራሷ ሰበሰበችው፣ ቀጣዩን በር እስክታገኝ፣ እሱንም ወጥራ ያዘችው።

«ምን ቆመሻል?» አለቻት። «ገና ብዙ በር አለው።»